ለማከፋፈያ ጣቢያ ማን ዘፈነ?

በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ መብራት ሲጠፋ ጥፋተኛውን ለማግኘት ደቂቃ አይፈጅም። «ኢትዮጵያ ናት» ይላል በረዶ ሻጩ። «የለም፣ የራሳችን ሰዎች ናቸው» ይላል አጠገቡ ያለው የጨርቅ ነጋዴ። ሁለቱም ዞር ብለው ቲማቲም የምትሸጠውን ኢትዮጵያዊት ሲያዩ፣ «እኔ ያመጣሁት ቲማቲም ነው። መብራቱን አላመጣሁትም፣ አላጠፋሁትም» ትላቸዋለች። ይሳሳቃሉ። ጄኔሬተር ያለው ያስነሣል፣ የሌለው ካርቶን ቀዶ ያራግባል። መብራቱ ሲመጣ ክርክሩም ይረሳል።

ክርክሩ ባይረሳ እመርጣለሁ። በረዶ ሻጩም የጨርቅ ነጋዴውም በከፊል እውነት አላቸው። ጅቡቲ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ አብዛኛውን የምትገዛው ከኢትዮጵያ ነው። ለደንበኛው የሚያደርሰው ደግሞ የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ድርጅት፣ በከተማው አጠራር ኧዴዴ፣ ነው። የኢትዮጵያ መስመር ከከተማዋ መረብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። በመብራት ክርክር ውስጥ ይህን ቦታ የሚያነሣው ሰው አላጋጠመኝም። ስሙ ግን ከገበያው አይጠፋም፤ የሚኒባስ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ «ፔካ ዱዝ! ፔካ ዱዝ!» እያሉ ይጠሩታል። ከመሃል ከተማ በመንገዱ 12ኛ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከባልባላ ወዲያ ያለ ሠፈር ነው። ከድሬዳዋ የሚነሣው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር በአዲጋላ አልፎ የሚያርፈው እዚያ ባለው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ነው።

መስመሩ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት የጅቡቲ ከተማ መብራት የሚመነጨው በቡላኦስና በማራቡ ካሉት፣ በነዳጅ ከሚሠሩ ጣቢያዎች ነበር። ነዳጁ በመርከብ ይመጣል፣ ዋጋውን የዓለም ገበያ ይወስናል፣ ሂሳቡ በነጋዴው ደረሰኝ ላይ ይወርዳል። የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ዋጋ ዛሬም ከአዲስ አበባው ጋር አይነጻጸርም፤ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የኢትዮጵያ ውኃ ያመነጨው ኃይል መምጣቱ ግን ነዳጅ ማቃጠሉን በእጅጉ ቀንሶታል።

ካርታ ዘርግቶ ላየው ሰው መስመሩ አዲስ መንገድ አላወጣም። እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1917 የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋን የደረሰው በዚሁ አቅጣጫ ነው። የድሬዳዋ ሽንኩርትና ድንች ለዘመናት በዚያው ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ጅቡቲ ናጋድ ላይ የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሚጎተተውም በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ የሚደርስ ብልሽት የሚነካው አምፖልን ብቻ አይደለም። ባቡር ሊያቆም ይችላል፤ ባቡር ሲቆም ወደብ ላይ ኮንቴይነር ይከማቻል።

ውኃውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የድንበር ተሻጋሪ የውኃ ፕሮጀክት ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከዚያው ከአዲጋላ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ያመጣል። የታቀደለት መጠን በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነው። ውኃውን ከጉድጓድ የሚያወጣው ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ገበያ ውስጥ ሰላጣ ላይ ውኃ የምትረጭ ሴት ሳታውቀው በአንድ እጇ ሁለት መስመር ይዛለች።

ማከፋፈያ ጣቢያ ምን እንደሚሠራ ለገበያ ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። ጅምላ አከፋፋይ ነው። ሽንኩርት ከድሬዳዋ በጭነት መኪና ይመጣል፤ ጭነቱን እንዳለ ተሸክሞ ቤቱ የሚገባ የለም። መጀመሪያ በኩንታል፣ ከዚያ በሳህን፣ ከዚያ በኪሎ ይመነዘራል። ኤሌክትሪክም ረጅም መንገድ ሲጓዝ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይጫናል፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ኃይል በመንገድ ላይ በሙቀት መልክ የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳልና። ፔካ ዱዝ ሲደርስ ከ230 ኪሎ ቮልት ወደ 63 ይወርዳል። በከተማው ውስጥ ባሉት ትናንሽ ጣቢያዎች ወደ 20 ኪሎ ቮልት፣ በየመንገዱ ባሉት ትራንስፎርመሮች ደግሞ ፍሪጅ ወደሚችለው 220 ቮልት ይደርሳል።

ይህ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ዘበኝነት ነው። ጣቢያው ውስጥ ያሉት መቆጣጠሪያዎች በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ያለማቋረጥ ይለካሉ። አንድ ቦታ መስመር ሲነካካ ወይም ጭነት ከልክ ሲያልፍ ብሬከሩ በሰከንድ ጥቂት መቶኛ ውስጥ ይቆርጣል። ገበያው «አጠፉብን» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። ማንም አላጠፋም፤ ጣቢያው ራሱን አድኖ ነው። ባያደርገው ኖሮ የሰዓታት ጨለማ የወራት ይሆን ነበር። አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናል፣ በልክ ታዝዞ ይሠራል፣ ትእዛዝ ተሰጥቶ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ በዚህ ዘመን የዓለም ፋብሪካዎች ወረፋ ደግሞ ከዚያም ረዝሟል። ከሱቅ ሄዶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

የጅቡቲ አየር ለዚህ ዕቃ ጠላት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ትራንስፎርመር በዓለም አቀፍ መስፈርት የሚሠራው የአካባቢው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደማይበልጥ፣ የዓመቱም አማካይ 20 ዲግሪ እንደሆነ ታስቦ ነው። እዚህ በሰኔና በሐምሌ 40 ዲግሪ ማለት ደህና ቀን ነው፤ ሌሊቱም 30ን አይለቅም። በትራንስፎርመሩ ውስጥ ጥምጥሙን ከጥምጥም የሚለየው በዘይት የተነከረ ወረቀት ነው። የጥምጥሙ ሙቀት ከልኩ በላይ በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ለሞቃት አገር የሚታዘዝ ትራንስፎርመር ስለዚህ ልዩ ስሌት ይጠይቃል፤ ወይ ተለቅ ብሎ ይገዛል፣ ወይ ከአቅሙ በታች እንዲሠራ ይደረጋል። ደግሞም ከተማው ሁሉ ማቀዝቀዣውን የሚከፍተው ልክ ትራንስፎርመሩ በሚጨነቅበት ሰዓት ነው። በረዶ ሻጩም፣ ዓሣ ሻጩም፣ ሆስፒታሉም፣ ቤተ መንግሥቱም ኃይል የሚፈልጉት በአንድ ላይ ነው። ጫት ብቻ ነው የማይቸገረው፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በቀትር ይደርሳል፣ ሳይጠወልግ ያልቃል፣ ኧዴዴንም አያውቀውም።

ከሙቀቱ ጋር ጨውና አቧራ አለ። ከባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር ጨው ይዞ ይመጣል። በሙቀቱ ወራት ከምዕራብ የሚነፍሰው ኻምሲን ደግሞ አቧራ ያመጣል። ሁለቱ ተቀላቅለው የመስመሩን ሽቦ ከብረት ማማው በሚለዩት ኢንሱሌተሮች ላይ ይለጠፋሉ። ደረቅ ሲሆን ጉዳት የለውም፤ ጠዋት ላይ ጤዛ ሲያርፍበት ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሽፋን ይሆንና በላዩ ላይ ብልጭታ ይሮጣል፣ መስመሩም ይቆረጣል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህን ቆሻሻ ሰማይ ያጥበዋል። በዓመት በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ በሚያገኘው በዚህ ከተማ የሚያጥበው የሰው እጅ ነው። ማማ ላይ የሚወጣ፣ ቀበቶ የታጠቀ፣ የውኃ ቧንቧ የያዘ ሠራተኛ። መብራት ያልጠፋበትን ቀን ምክንያት የሚጠይቅ ስለሌለ ስለ እርሱ የሚያወራ የለም።

ነገሩ ወደዚህ ያመጣኛል። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ግድብ መዝፈን እናውቅበታለን፤ መዝፈናችንም ተገቢ ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር በየሰው አፍ ነበር። ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ቦንድ የገዛ፣ ከደመወዙ ያዋጣ፣ በስደት ሆኖ የላከ ሕዝብ ቁጥሩን ቢያውቅ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። ነገር ግን ግድቡ ካለበት ከጉባ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት ተጭኖ በደዴሳ በኩል ሆለታ እንደሚደርስ፣ ከዚያም በስንት ጣቢያ ተመንዝሮ ቤታችን እንደሚገባ የሚያውቀው ስንቱ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ «ግድቡ አልቆ ለምን መብራት ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ግድቡ ሊሞላ ይችላል፤ በቃሊቲ፣ በኮተቤ ወይም በገፈርሳ ያለው ጣቢያ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ከተጫነ፣ ወይም ከጣቢያው የሚወጣው አሮጌ መስመር መሸከም ካልቻለ፣ የግድቡ ኃይል በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

አስተዳደሩም የራሱ እንቆቅልሽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨትንና የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመርን ያዘ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛ ማድረሱን። የሁለቱ ሥራ የሚገናኘው እዚያው ማከፋፈያ ጣቢያው ላይ ነው። መብራቱ የጠፋበት ሰው ግን ብልሽቱ ከጣቢያው ወዲህ ይሁን ወዲያ የሚለይበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው የስልክ ቁጥር አንድ ነው፣ እሱም በቸገረ ጊዜ አይነሣም። የጅቡቲው ማዕከላዊ ገበያ ነጋዴ ደግሞ በመካከሉ ድንበርም፣ ቋንቋም፣ ሁለት መንግሥትም ስላለ እንቆቅልሹ ይብስበታል። ድሬዳዋ ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ብልሽት ሲደርስ ፔካ ዱዝ ምንም ሳይሆን ባዶ እጁን ይቀራል። ያኔ የቡላኦስ ሞተሮች ይነሣሉ፤ ከተማውም ሠፈር በሠፈር ይመለሳል፣ በአንድ ጊዜ ሁሉን መጫን ሞተሮቹን መልሶ ይጥላቸዋልና። ጎረቤትህ በርቶለት አንተ ጨለማ ውስጥ ከሆንክ ወገንተኝነት ይመስልሃል። ብዙ ጊዜ ወረፋ ነው።

ከወቅቶች ጋር የተያያዘውን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጅቡቲ ሙቀቷ የሚጀምረው በግንቦት ነው። በግንቦት የኢትዮጵያ ግድቦች የክረምቱን ዝናብ እየጠበቁ ነው፤ ውኃቸው ከዓመቱ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። ገዢው በጣም የሚፈልግበትና ሻጩ በጣም የሚሳሳበት ወር አንድ ላይ ገጥመዋል። ትላልቅ ግድቦች ውኃ ከዓመት ዓመት ስለሚያቆዩ ይህ ችግር እየቀለለ ይሄዳል። ጅቡቲም በጉቤት አካባቢ 17 ተርባይኖች ያሉትን፣ ወደ 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የነፋስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2023 አስመርቃለች። ነፋሱም ቢሆን ገበያ የሚደርሰው በማከፋፈያ ጣቢያ አልፎ ነው።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን የሎንዶኑን ላንሣ። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2025 ሌሊት በሎንዶን ምዕራብ ኖርዝ ሃይድ በተባለ ሠፈር ያለ አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ተቃጠለ። በማግሥቱ በዓለም ከታወቁት አንዱ የሆነው የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቀኑን አብዛኛውን ተዘግቶ ዋለ፤ ከ1,000 በላይ በረራዎች ተስተጓጎሉ። ጣቢያውን ከዚያ በፊት በስም የሚያውቀው የሠፈሩ ሰውና መሐንዲሶቹ ብቻ ነበሩ። በጁላይ የወጣው የምርመራ ሪፖርት ምክንያቱን ሲገልጽ፣ በአንድ ትራንስፎርመር የከፍተኛ ቮልቴጅ መግቢያ ውስጥ እርጥበት ሳይገባ አይቀርም አለ። የእርጥበቱ ምልክት የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ ምልክቱ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እርጥበት! አየሩ ራሱ ውኃ በሆነበት በባሕር ዳር ከተማ ሆኖ ይህን ሪፖርት ያነበበ ሰው የፔካ ዱዝ ትራንስፎርመር ዘይት መቼ እንደተመረመረ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው» ይባላል። የባለሙያ ጉዳይማ ነው። ግን ገበያው የቲማቲምን ዋጋ ለማወቅ የግብርና ዲግሪ አልጠየቀም። ጣቢያው ስንት ይሸከማል፣ በሐምሌ ስንት ይጫንበታል፣ ጥገናው መቼ ነው የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ የመንግሥት ምስጢር አይወጣም። ለጥገና የሚጠፋበት ቀን አስቀድሞ ቢነገር ዓሣ ሻጩ በዋዜማው ግማሽ ብቻ ይገዛል። ማስታወቂያው በሶማሊኛም፣ በአፋርኛም፣ በዐረብኛም፣ በፈረንሳይኛም፣ እኛንም ቢቆጥሩን በአማርኛም ቢጻፍ አንድ ሰሌዳ አይሞላም።

ስለ አንድ ሌላ ጥያቄም ዝም ማለት አልችልም። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ባለው መስመር ሥር የሚኖሩ አርብቶ አደሮች አሉ። 230 ኪሎ ቮልት በራሳቸው ላይ ያልፋል፣ ሌሊት ግን ብርሃናቸው እሳት ነው። ብዙ ሰው «ለባዕድ ተሸጦ ለእኛ ተከለከለ» ይላል። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ከ230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ በቀጥታ ሽቦ መቀጠል አይቻልም፤ አነስተኛ መንደር ለማብራት ብዙ ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ማከፋፈያ ጣቢያ መካከል ላይ መትከል ግድ ነው። አዲጋላ ላይ ተተክሏል። ፍየል ብቻ ባለበት አልተተከለም። ቅሬታው ከስሜት ወጥቶ ወደ ስሌት ቢገባ፣ ከጅቡቲ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ የተወሰነ እጅ በዚያው መስመር ሥር ላሉት የፀሐይ ኃይል ይሁን ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው የምከራከረው።

አሁን ሁለተኛ መስመር ይመጣል ተብሏል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የሚሠራው ይህ መስመር ከሰመራ ተነሥቶ፣ በጋላፊ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ናጋድ ላይ በሚተከል አዲስ ማከፋፈያ ጣቢያ ያልቃል። የመጀመሪያው የባቡሩን ፈለግ እንደተከተለ፣ ይኸኛው የከባድ መኪናውን ይከተላል። ነጋዴ ሁሉ ይህን ሲሰማ «ብዙ መብራት ይመጣል» ይላል። ለእኔ ብዛቱ ሁለተኛ ነው። ትልቁ ነገር በር ሁለት መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ ከኢትዮጵያ ወደ ከተማዋ የሚመጣው ኃይል በፔካ ዱዝ በኩል ሲገባ ቆይቷል። ናጋድ ሲጨመር አንዱ ጣቢያ ለጥገና ቢዘጋ ወይም ቢጎዳ ሌላው ከተማውን የመያዝ ዕድል ይኖረዋል።

ዕድል አልኩ እንጂ ዋስትና አላልኩም። ሁለት ትልልቅ በሮች ቢኖሩ ከበሮቹ ወደ ገበያው የሚወስደው ጠባብ መንገድ አንድ ከሆነ ያው ነው። ከፔካ ዱዝና ከናጋድ ወደ መሃል ከተማ የሚገቡት የ63 ኪሎ ቮልት መስመሮች እያንዳንዳቸው የሐምሌን ጭነት ለብቻቸው ካልቻሉ፣ አዲሱ ጣቢያ የሚያገለግለው ለፎቶግራፍ ነው። በገበያው ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ትራንስፎርመሮችም የተተከሉት ሱቁ ሁሉ አንድ ማራገቢያ በነበረው ዘመን እንደሆነ ይመስላሉ። ዛሬ በየሱቁ ማቀዝቀዣ ተሰቅሏል፤ በአንድ ቆጣሪ ሦስት ፍሪጅ የሚያስነሣ አለ። ይህኛው ጥፋት ደግሞ የኢትዮጵያም የኧዴዴም አይደለም፣ የእኛ የነጋዴዎቹና የደንበኞቹ ነው።

የናጋድ ጣቢያ የሚመረቅበት ቀን ሲደርስ ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ወንድማማችነት ይነሣል። እውነትም ነው፣ በብዙ ጎረቤት አገሮች መካከል የማይታይ ትብብር ነውና ይነሣ። ከንግግሩ በኋላ ጋዜጠኛ እጁን አውጥቶ እንዲጠይቅልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ በሐምሌ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፔካ ዱዝ ሙሉ በሙሉ ቢቆም ናጋድ ብቻውን ስንት ሠፈር ያበራል? መለዋወጫ ትራንስፎርመሩስ ጅቡቲ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው ወይስ የውጭ አገር ፋብሪካ ትእዛዝ መዝገብ ላይ?